ማን ይቅር፣ ማን ይውጣ? የቢግ ሳይፕረስ ረግረግ ታሪክ

(በትምህርት ክፍሉ የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)



በአሜሪካ ደቡባዊ ጫፍ፣ በፍሎሪዳ ባሕረ ገብ መሬት፣ ከማያሚ ከተማ በስተ ምዕራብ አንድ ብቸኛ የአውሮፕላን መንደርደሪያ አለ። ርዝመቱ 3,200 ሜትር ያህል ነው፤ ታላላቅ ጄቶችን ለማሳረፍ ይበቃል። በዙሪያው ግን ከተማ የለም፤ ውኃ፣ ሣርና ዛፍ ብቻ ነው። በ1968 ሥራው ሲጀመር የታቀደው በዓለም ትልቁን አውሮፕላን ማረፊያ በዚያ ስፍራ ለመሥራት ነበር። ከታቀዱት መንደርደሪያዎች የተጠናቀቀው ይህ አንዱ ብቻ ነው። የዛሬው ንግግሬ ሌሎቹ ለምን አልተሠሩም የሚለውን ጥያቄ ይዞ ይነሣል፤ መልሱን ለማግኘት ግን ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይለናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልግለጽ።

ስፍራው ቢግ ሳይፕረስ ይባላል። «ቢግ» የተባለው ዛፎቹ ግዙፍ ስለሆኑ ሳይሆን ደኑ የሚሸፍነው ምድር ሰፊ ስለሆነ ነው። በስሙ ውስጥ ያለው «ሳይፕረስ» ደግሞ እኛን አማርኛ ተናጋሪዎችን ሊያሳስተን ይችላል። ቃሉን በመዝገበ ቃላት የፈለገ ሰው «ጥድ» የሚል ትርጉም ያገኛል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የምናውቀውን ሐበሻ ጥድ ወይም በየትምህርት ቤቱ አጥር የተተከለውን የፈረንጅ ጥድ ያስባል። የፍሎሪዳው ዛፍ ግን ከሁለቱም ይለያል። እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚኖር ነው። መርፌ መሳይ ቅጠሎቹ በበጋው ወራት ቀልተው ይረግፋሉ፤ ስለዚህም አገሬው «መላጣው» ይለዋል። ከሥሩ ደግሞ ጉልበት የሚመስሉ ጉጦች ከውኃው በላይ ብቅ ይላሉ፤ ለመተንፈሻ ይረዱታል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ቢታመንም እስካሁን በማስረጃ አልጸናም። በዚህ ንግግር «ሳይፕረስ» እያልኩ የምቀጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

የስፍራውን ታሪክ ለመረዳት አስቀድሞ ውኃውን መረዳት ያስፈልጋል። በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል፤ አብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ምድሩ ከኖራ ድንጋይ ወለል በላይ የተነጠፈ ስስ አፈር ነው፤ ተዳፋቱም በአንድ ኪሎ ሜትር ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ ውኃው እንደ ወንዝ አይሮጥም፤ እንደ ፈሰሰ ዘይት ተዘርግቶ በቀስታ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወደ ባሕሩ ይንሸራተታል። የኖራ ድንጋዩ በተቦረቦረበት ጎድጓዳ ስፍራ አፈሩም ውኃውም ይጠልቃል፤ በመካከል የበቀሉት ሳይፕረሶች ረዣዥም፣ በዳር ያሉት አጫጭር ይሆናሉ። ከሩቅ ሲታይ ደኑ ጉልላት ይመስላል። አፈሩ በሳሳበት ሜዳ ላይ ደግሞ ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጡ፣ ዕድሜያቸው ግን ከመቶ ዓመት ያለፈ ቀጫጭን ዛፎች ቆመው ይታያሉ።

የአራዊቱ ሕይወት የተቃኘው በዚህ የውኃ መውጣትና መውረድ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በዚያ አገር «ዉድ ስቶርክ» የሚባል የሽመላ ዘር አለ። ይህ ወፍ ዓሣን የሚይዘው በዓይኑ አይቶ አይደለም፤ መንቆሩን ከፍቶ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ያስገባል፤ ዓሣ ሲነካው ከሰከንድ አንድ አርባኛ በማይበልጥ ጊዜ ይዘጋዋል። እንዲህ ያለው አደን የሚሳካው ዓሣው ተጨናንቆ ሲገኝ ነው። ዓሣው የሚጨናነቀውም በበጋ ውኃው ቀስ በቀስ ሲሸሽና ኩሬዎቹ ሲጠብቡ ነው። አንድ ጥንድ ሽመላ ከነጫጩቶቹ በአንድ የመራቢያ ወቅት 200 ኪሎ ግራም ያህል ዓሣ ይፈልጋል። ክረምቱ ቢያጥር ዓሣው አይራባም፤ በበጋው ድንገተኛ ዝናብ ቢመጣ ወይም ከላይ ያሉ ሰዎች ውኃ ቢለቁ ዓሣው ይበተናል፤ ወላጆቹም ጎጆውን ጥለው ይሄዳሉ። ይህን ወፍ በጠመንጃ ሳይነኩ፣ የውኃውን ቀን መቁጠሪያ በማዛባት ብቻ ማጥፋት ይቻላል ማለት ነው። ኋላ የምንመለስበት ነጥብ ነውና በልቡናችሁ ያዙልኝ።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልለፍ። የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት በፍሎሪዳ የሚኖሩትን ሴሚኖል ተብለው የተጠሩ ሕዝቦች ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ለማስፈር ተደጋጋሚ ጦርነት ገጥሟል። ሁለተኛው ጦርነት ከ1835 እስከ 1842 ቆየ፤ ከፍተኛ ገንዘብና የሰው ሕይወት አስከፍሎ ያለ ስምምነት ቆመ። የቀሩት ሰዎች ወደ ደቡብ፣ ወደ ረግረጉ ገቡ። ሦስተኛው ጦርነት የተቀሰቀሰው እዚያው ቢግ ሳይፕረስ ውስጥ ነው፤ በታኅሣሥ 1855 በሌተናንት ጆርጅ ሃርትሰፍ የሚመራ የቅየሳ ቡድን በሆላታ ሚኮ ተዋጊዎች ተጠቃ። ሆላታ ሚኮን ነጮቹ ቢሊ ቦውሌግስ ይሉታል። እርሱ በ1858 ከመቶ ከሚበልጡ ወገኖቹ ጋር በመርከብ ተጭኖ ሄደ። አቢያካ የተባለው ሽማግሌ ግን እጁን አልሰጠም። ከእርሱ ጋር የቀሩት ጥቂት መቶ ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የዛሬዎቹ የፍሎሪዳ ሴሚኖልና ሚኮሱኪ ሕዝቦች የእነዚያ ተወላጆች ናቸው።

በወታደራዊ ታሪክ መጻሕፍት ይህ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ «ረግረጉ ጠበቃቸው» በሚል አረፍተ ነገር ይዘጋል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ረግረግ በራሱ ማንንም አይጠብቅም፤ መኖር ለማያውቅበት መቃብር ነው። እነዚህ ሰዎች የኖሩት ከውኃው ጥቂት ከፍ በሚሉ፣ ጠንካራ እንጨት በበቀለባቸው ደሴቶች ላይ ነበር፤ በዚያም በቆሎና ዱባ ተከሉ። ሳይፕረሱን ፈልፍለው ታንኳ ሠሩ፤ ግንዱን አቁመው በዘንባባ ቅጠል እየከደኑ «ቺኪ» የሚሉትን ግድግዳ የሌለው ቤት ሠሩ። ቺኪ ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ ጦር ሲቀርብ ጥሎ ለመሄድ፣ ሌላ ስፍራም ላይ በጥቂት ቀን ለመትከል ያመቻል። ኋላ ቀያሾች መጥተው «ሰው ያልነካው ምድር» ብለው የጻፉለት ደን እንግዲህ የሰዎች ቤት፣ እርሻና የጉዞ መስመር ነበር።

ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ዓለም ወደ ረግረጉ መጣ። መጀመሪያ የመጣው በባርኔጣ ነው። በኒው ዮርክ፣ በለንደንና በፓሪስ የሴቶች ባርኔጣ በነጭ የሳቢሳ ላባ ማጌጥ ፋሽን በሆነበት ዘመን፣ ላባው በሚዛን ከወርቅ ጋር የሚፎካከር ዋጋ አወጣ። ላባው የሚያምረው በመራቢያ ወቅት በመሆኑ አዳኞች ወላጆቹን በጎጆአቸው ላይ ይገድላሉ፤ ጫጩቶቹም በረኃብ ያልቃሉ። በ1905 ጋይ ብራድሊ የተባለ የወፎች ጠባቂ በፍላሚንጎ አጠገብ በጥይት ተገደለ፤ ሞቱም በአገሪቱ ብዙ አነጋገረ። በ1912 የኦዱቦን ማኅበር ከቢግ ሳይፕረስ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው በኮርክስክሩ ረግረግ ዘበኛ አቆመ፤ በ1918 ደግሞ ተዘዋዋሪ ወፎችን የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ ወጣ። እዚህ ላይ አንዲት ጨዋታ ልጨምር፤ ዛሬ በፍሎሪዳ ከከብት ኋላ ኋላ ሲሄድ የሚታየው ነጭ ወፍ እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ሳቢሳ ነው። ከአፍሪካ አትላንቲክን ተሻግሮ ደቡብ አሜሪካ ገባ፤ በፍሎሪዳ ጎጆ ሲሠራ የተመዘገበው በ1953 ነው። ያለ ቪዛ የተሳካለት ተጓዥ!

ከባርኔጣው ይልቅ ጥልቅ ጠባሳ የተወው መንገዱ ነው። ባለ ሀብቱ ባሮን ኮሊየር በ1920ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ምዕራብ ፍሎሪዳ ከአንድ ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት ገዛ፤ በ1923 በስሙ አንድ አውራጃ ተመሠረተለት፤ በምላሹም ታምፓን ከማያሚ የሚያገናኘውን መንገድ ለማጠናቀቅ ገንዘብ አቀረበ። መንገዱ በ1928 ተከፈተ። አሠራሩን ልብ በሉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዲናሚቶች እየፈነዱ ከኖራ ድንጋዩ ቦይ ተቆፈረ፤ ከቦዩ የወጣው ድንጋይ ተከምሮ መንገድ ሆነ። ስለዚህ መንገዱ ወደ ደቡብ ለሚንሸራተተው ውኃ ግድብ፣ ቦዩ ደግሞ ማፋሰሻ ሆነ። በታንኳ ይሄዱ የነበሩት የሚኮሱኪ ቤተሰቦችም በደረቀው የውኃ መንገዳቸው ፈንታ በመንገዱ ዳር መንደር መሠረቱ፤ ለአላፊ አግዳሚው ጎብኚ የእጅ ሥራ መሸጥ ጀመሩ።

በ1943 ከዚያው አካባቢ፣ በሰኒላንድ፣ የፍሎሪዳ የመጀመሪያው ነዳጅ ዘይት ተገኘ። በዚያው በጦርነቱ ዘመን የሳይፕረሱ ጣውላ ተፈላጊነት ናረ፤ ውኃ የማያበሰብሰው እንጨት ለጀልባ፣ ለውኃ ማጠራቀሚያና ለበርሜል ይሆናል። የባቡር ሐዲድ ወደ ረግረጉ ተዘረጋ፤ ለዘመናት የቆሙ ዛፎች ከአሥራ አምስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ተገነደሱ። በ1954 በኮርክስክሩ የቀረውን ደን ከመጋዝ ለማዳን ኦዱቦንና ደጋፊዎቹ መሬቱን ገዙ፤ ከ500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ሳይፕረሶች ዛሬም እዚያ ቆመዋል። ዘበኛው ወፉን ከጠመንጃ፣ ግዢው ዛፉን ከመጋዝ አዳኑ። ውኃውን ግን ማንም አልገዛውም። በ1960ዎቹ የመሬት ቸርቻሪ ኩባንያ በአጠገቡ ያለውን ረግረግ በቦይ አጠንፍፎ፣ በሰሜን ቅዝቃዜ ለተሰላቹ ሰዎች በቁራሽ ሸጠው፤ ብዙዎቹ የገዙት መሬት በክረምት ውኃ የሚተኛበት መሆኑን ያወቁት ኋላ ነው። የሽመላዎቹ ጎጆዎች እየመነመኑ ሄዱ። አስቀድሜ በልቡናችሁ ያዙ ያልኳችሁ ይህንኑ ነበር።

እዚህ ላይ ከአጠገቡ የሚገኘውን የኤቨርግሌድስ ብሔራዊ ፓርክ ማንሣት አለብኝ። ፓርኩ በታኅሣሥ 1947 ተመረቀ። ለመልክዓ ምድር ውበት ሳይሆን ለሕያዋን ፍጥረታት ሲባል መቋቋሙ በዘመኑ አዲስ ነገር ነበር፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ሁለት ነገሮችን ግን ከድንበሩ ውጭ አስቀረ። አንደኛ፣ ለፓርኩ ምዕራባዊ ክፍል ውኃ የሚልከው ቢግ ሳይፕረስ አልተካተተም። ሁለተኛ፣ በድንበሩ ውስጥ ይኖሩና ያድኑ የነበሩ የሚኮሱኪ ሰዎች መብት ጠበበ፤ ፓርክ ማለት ሰው የሚጎበኘው እንጂ የሚኖርበት አይደለም የሚለው አስተሳሰብ በሕግ ተጻፈ። ሚኮሱኪዎች ዝም አላሉም። መሪያቸው ባፋሎ ታይገር በ1959 ከልዑካን ጋር ወደ ሃቫና ሄዶ ከፊደል ካስትሮ መንግሥት ዘንድ እውቅና አገኘ። የቀዝቃዛው ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት ይህ እንዴት ያለ ብልህ እርምጃ እንደ ነበር የምታውቁት ነው። በ1962 ዋሽንግተን ለሚኮሱኪ ሕዝብ እውቅና ሰጠ።

እንግዲህ ወደ መንደርደሪያው ተመለስን። በ1968 የማያሚ አካባቢ የወደብ ባለሥልጣን 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ይዞ ሥራ ጀመረ። ዘመኑ ከድምፅ የፈጠኑ መንገደኛ አውሮፕላኖች ሊመጡ ነው የተባለበት ነው፤ ጫጫታቸውን ሰው በሌለበት ምድር ማራገፍ ብልኅነት መሰለ። «ሰው የሌለበት» የሚለው ቃል እንደ ገና ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በአቅራቢያው የሚኮሱኪ መንደሮችና የሥርዓተ አምልኮ ስፍራዎች ነበሩ። በረግረጉ ውስጥ ጎጆ ያላቸው፣ ትልልቅ ጎማ ባለው ተሽከርካሪ ጭቃውን እያቋረጡ አጋዘን የሚያድኑ ነጭ አዳኞችም ነበሩ።

ተቃውሞው የተነሣው ከእነዚህ ሁሉ ነው፤ የታሪኩም ልዩ መልክ እዚህ ላይ ነው። የኦዱቦን ሰዎች፣ ሚኮሱኪዎችና አዳኞች በሌላ ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡ አልነበሩም። የ79 ዓመቷ ደራሲ ማርጆሪ ስቶንማን ዳግላስ በ1969 የኤቨርግሌድስ ወዳጆች ማኅበርን መሠረተች። በዚያው ዓመት መስከረም የውኃ ሊቁ ሉና ሊዮፖልድ የመሩት የመንግሥት ጥናት ወጣ። ጥናቱ ሳይሸፋፍን የተናገረው፣ አደጋው ከሲሚንቶው ይልቅ ሲሚንቶው ተከትሎት በሚመጣው ከተማ እንደሆነ ነው፤ ቦዩ፣ ማጠንፈፉና ቆሻሻው የደቡብ ፍሎሪዳን ሥነ ምኅዳር፣ ፓርኩን ጭምር፣ ያጠፋል። በጥር 1970 የሪቻርድ ኒክሰን መንግሥት ከአካባቢው ባለሥልጣናት ጋር ተስማምቶ ግንባታው ቆመ። በዚያው ወር መጀመሪያ ቀን ኒክሰን የብሔራዊ አካባቢ ፖሊሲ ሕግን ፈርመው ነበር፤ የፌዴራል መንግሥት ማንኛውንም ታላቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱን እንዲያጠና የሚያስገድደውን ሕግ። የሊዮፖልድ ሪፖርት ለእንደዚህ ያሉ ጥናቶች ቀደምት ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል።

ግንባታው መቆሙ ብቻውን መሬቱን አላዳነውም። ብሔራዊ ፓርክ ይሁን ቢባል አዳኞቹ ይቃወማሉ፤ ሚኮሱኪዎቹም ከ1947 የተማሩት አለ። መፍትሔው አዲስ ስም ሆነ። ጥቅምት 11 ቀን 1974 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ሁለት «ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራዎችን» የሚያቋቁሙ ሕጎች ፈረሙ፤ አንዱ የቴክሳሱ ቢግ ቲኬት፣ ሌላው ቢግ ሳይፕረስ። ከዚህ በፊት በዚህ ስም የተጠራ ስፍራ አልነበረም። ሕጉ የረግረጉን ተፈጥሯዊ፣ የውኃና የመዝናኛ ይዘት መጠበቅን ዓላማው አደረገ፤ አደንም፣ ነዳጅ ማውጣትም በቁጥጥር እንዲቀጥሉ ፈቀደ። የሚኮሱኪና የሴሚኖል ሰዎች የለመዱትን አጠቃቀምና ኑሮ፣ ለምግብ የሚሆን አደንና ዓሣ ማጥመድ፣ ሥርዓተ አምልኮአቸውንም ጭምር እንዲቀጥሉ በግልጽ ጻፈ። በ1988 ስፍራው ሲሰፋ ጠቅላላው ወደ 729 ሺህ ኤከር፣ ማለትም 295 ሺህ ሄክታር ገደማ ደረሰ።

የተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች ይህን ሕግ «የተሸራረፈ ፓርክ» ሲሉ አንብቤአለሁ። ቅሬታቸው መሠረት የለውም አልልም። የአዳኞቹ ተሽከርካሪዎች በስሱ አፈር ላይ የተዉት ዱካ ከአየር የሚታይ ነበር፤ በ2000 የወጣው ዕቅድ ዋና መሥመሮቹን በ400 ማይል ወስኗቸዋል። ሆኖም ያለዚያ ስምምነት ሕጉ ድጋፍ ባላገኘ ነበር፤ ያለ ሕጉም መሬቱ ዛሬ በቁራሽ የተሸጠ ሰፈር ይሆን ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ስለ አራዊቱ ጥቂት ልበል። የፍሎሪዳ ፓንተር የሚባለው የፑማ ዝርያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ20 እስከ 30 ብቻ ቀርቶ፣ እርስ በርስ በመራባት የልብ ጉድለት ያለባቸው ግልገሎች ይወለዱ ነበር። በ1995 ስምንት ሴት ፑማዎች ከቴክሳስ መጥተው ተለቀቁ፤ ዛሬ ቁጥራቸው ከ120 በላይ እንደሆነ ይገመታል። ከሚሞቱት ብዙዎቹን የሚገድላቸው መኪና ነው፤ በሰፊው አውራ ጎዳና ሥር የተሠሩት መሹለኪያዎች በዚህ ምክንያት የተሠሩ ናቸው። ሽመላውም በ1984 ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመድቦ በ2014 ወደ ቀለለው መደብ ተዛውሯል፤ ነገር ግን ለዚህ አንዱ ምክንያት ወፉ የደቡብ ፍሎሪዳን ውኃ ተስፋ ቆርጦ ወደ ጆርጂያና ወደ ካሮላይና ጎጆውን ማዛወሩ ነው። ከቤት እንስሳ ንግድ አምልጦ የተራባው የበርማ ዘንዶ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይዞ መጥቷል፤ በ2012 የታተመ ጥናት በአጎራባቹ ፓርክ የራኩን ዕይታ ከ98 በመቶ በላይ መቀነሱን አሳይቷል።

ከናንተ መካከል ስለ ስሜን የሚያስብ እንደሚኖር አውቃለሁ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው በ1969፣ የሊዮፖልድ ሪፖርት በወጣበት ዓመት ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2017 ፓርኩ ከመዝገቡ ወጣ። ዋልያውና ሚኮሱኪው አንድ ጉዳይ አይደሉም፤ የደጋ እርሻና ልቅ ግጦሽ ከቺኪና ከታንኳ ጋር አይወዳደሩም። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ ፓርኩን የሚያሰምረው ሰው ካርታውን ሲዘረጋ መንደሩን ያያል ወይስ አያይም?

ጥያቄው በፍሎሪዳም አልተዘጋም። በቅርብ ዓመታት የፓርኮች አገልግሎት ከቢግ ሳይፕረስ ሰፊውን ክፍል «ምድረ በዳ» በሚለው ጥብቅ የሕግ መደብ ለማስገባት ሐሳብ ሲያቀርብ ሚኮሱኪዎች ተቃወሙ። ምድረ በዳ አይደለም፣ ቤታችን ነው ማለታቸው ነበር። በ2025 ክረምት ደግሞ የፍሎሪዳ መንግሥት በዚያ ብቸኛ መንደርደሪያ ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ የስደተኞች ማቆያ ካምፕ ተከለ። ዳግላስ የመሠረተችው ማኅበር ከሌሎች ጋር ክስ መሠረተ፤ የሚኮሱኪ ሕዝብም ገባበት። የክሱ መሠረት ያው በ1970 የተፈረመው ሕግ ነበር። በነሐሴ የፌዴራል ዳኛዋ ካምፑ ሥራውን እንዲያቆም አዘዙ፤ በመስከረም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አብላጫ ድምፅ ሥራው የክፍለ ግዛቱ እንጂ የፌዴራል መንግሥት አይደለም በሚል ትእዛዙን አገደው። በ1969 ለካርታ አንሺዎች «ሰው የሌለበት» የነበረው ሲሚንቶ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን እንዲይዝ ታቀደ፤ የሚኮሱኪ መንደሮችም ዛሬ እንደ ያኔው ከአጠገቡ አሉ።